የአባዬ ትልልቅ ፊደሎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ጅምላ ሻጩ በቴሌግራም የላከልንን አዲስ የጨርቅ ዋጋ ኮፒ አድርጌ የሱቁ ኤክሴል ላይ ፔስት አደረግኩት። ዋጋው በትክክል ገባ። አባዬ አወፍሮ ያሳደጋቸው ፊደሎችና ቢጫ የቀባቸው ሳጥኖች ግን ጠፍተው ሁሉም ደቃቅና ነጭ ሆነ። ያ ሁሉ ቢጫ ለጌጥ ይመስለኝ ስለነበር እንዲያውም አማረ ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት አንዲት የኲሓ ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ ዋጋ ጠየቀችው። አባዬ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና፣ "ቆዪ ጓለይ፣ ቆዪ ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ዛሬ ደክሞታል" አላት። ወደ እኔ አላየም። ዋጋውን እኔ ነገርኳት።

ስትሄድ፣ "አባዬ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ምንም አልሆንኩም። ፊደሉ ነው ያነሰው።"

ሱቁን ከመዝጋታችን በፊት የድሮውን ፋይል መለስኩና ዋጋውን እንደገና አስገባሁት። አሁን ፔስት ያደረግኩት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የእሱን ፊደልና ቀለም አልነካሁም። አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ አየውና፣ "ተመስገን፣ ዳነ" አለ። ኮምፒውተሩን ማለቱ ነው።

ዓይደር ሆስፒታል ልውሰድህ ብለው እምቢ ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ነገ፣ "ዓይኔን ልታይ ነው፣ ብቻዬን ፈራሁ፣ አብረኸኝ ና" እለዋለሁ። ለእኔ ከሆነ ይመጣል።