«ቢኒ እንዳትነካ!» የሚለው የሳል ሽሮፕ

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡10
ሁለተኛው ባልዲ እየሞላ ነው። ቧንቧው ዛሬ ክር ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ ጊዜ አለኝ ደብተሬ። ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አቃጠለ። አንዱ ጎማም ጨምሮበታል። ዛሬ አቃቂ በሙሉ ያስላል። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር።

አባዬን ግን የሚያክለው የለም። በያጅ ነው፤ እዚሁ በሰቃ ሰፈር ወርክሾፕ አለው፤ ጢስ የድሮ ወዳጁ ነው። ደግሞ ዳዊት ከሞተ ወዲህ እንባ ሲመጣበት ያስላል። አራት ወር ሙሉ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሲስል ብቻ።

ዳዊት ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። ሐምሌ ላይ፣ መኪና። ሌላ አልጽፍም። ባልዲው ሞላ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት
አባዬ ዓይኑን የዳዊት ሽሮፕ ላይ ጣለ። ጠርሙሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከፎቶው ጎን ነው የሚቀመጠው። እማዬ አታስነካውም። ምክንያቱም ዳዊት ወረቀቱ ላይ በማርከር «ቢኒ እንዳትነካ!» ብሎ ጽፎበታል። ቢኒ እኔ ነኝ። ዓምና እንጆሪ እንጆሪ ስለሚል ሰርቄ ጠጥቼ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ አንኮራፋሁ። ከዚያ ነው የጻፈው።

አባዬ ለመነ። እማዬ ትንሽ አሰበችና፣ ጊዜው አልፎ እንዳይሆን እይለት አለችኝ። አየሁ። የሚያበቃው 03/2025። እኛ ያለነው 2018። ቀነስኩ። ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል አልኩ፣ እንደ ዶክተር ኮራ ብዬ። አባዬ፣ ድሮም የዳዊት ዕቃ ጠንካራ ነው አለና ከነጠርሙሱ ተጎነጨ። በማንኪያ ለካው ብትለው፣ የእኔ ልክ አንድ ጉንጭ ነው አላት።

እማዬ ጠርሙሱን አየችው። ሰባት ዓመት። ለሽሮፕ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ
አባዬ የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ሊገዛ ወደ ሳሪስ አቦ ወጣ። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ሳሪስን አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። ረዳቱ ቀስቅሶ፣ «አባት፣ ሦስተኛ ዙርዎ ነው፤ ጎብኚ ነዎት እንዴ?» አለው። ያለ ኤሌክትሮድ ቤት ገባ። ሲተርክልን እኛ ሳቅን። እማዬም ሳቀች! ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን ምልክት አድርግልኝ ደብተሬ።

በሽሮፑ ላይ የጉንፋን ክኒንም ጨምሯል። ከሱቅ ነው የገዛው። እጥፍ ከወሰድኩ በእጥፍ ይሻለኛል ባይ ነው።

ኅዳር 16፣ ማክ.
የግቢ በር ያዘዙ ሴትዮ ወርክሾፕ መጡ። አባዬ የብየዳ ማስኩን እንዳደረገ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ሩብ ሰዓት ስለ ቀለሙ አወሩት። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ተስማማን ብለው ሄዱ። ለካ ተኝቶ ነው። ሮዝ በር ሊሠራ ተስማምቷል።

እዚህ ድረስ ያስቃል። ከሰዓት በኋላ ግን አዞረው። የብረት መቁረጫው ከነመዞሩ ከእጁ ወደቀ። የጫማውን አፍንጫ ቆረጠው። ጣቱን አልነካውም። እማዬ ጫማውን አገላብጣ አየችና እንደቆመች ቀረች።  የምታስበውን አውቃለሁ። እኔም እሱን ነው የማስበው። ይህ ቤት ሌላ የሚያጣው ሰው የለውም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ
ጉድ ነው ደብተሬ። ኮምፒውተር ክፍል። ስክሪኑ ላይ 26/11/2025 ይላል። እጄን አውጥቼ፣ ቲቸር፣ ይሄ ኮምፒውተር ሰባት ዓመት ቀድሟል አልኩ። መ/ሩ፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ አንተ በምን እንደምትቆጥር እንጃ አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ሳቄ ቆመ።

መድኃኒቱም በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ዓምና መጋቢት ገብቶ ሳይወጣ አብቅቷል። ፈቃጁ እኔ ነኝ።

እንደተለቀቅን ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ያለችው ልጅ ወጣት ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። «የጓደኛዬ አባት» ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ፣ «እሺ ወንድሜ፣ አባትህ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» አለች። ለሁሉም ሰው ወንድሜ እንደምትል አውቃለሁ። ቢሆንም ትንሽ ማስል ነበረብኝ።

ያለችኝን ሳልረሳው፦ ጊዜው ያለፈ አይጠጣም። ልኩ በራሱ መለኪያ እንጂ በጉንጭ አይደለም። የጉንፋኑ ክኒን ውስጥ ያው የሳል ማስታገሻ አለ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሰውየው በቁሙ ይተኛል፣ ያዞረዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ወስዶ መኪና መንዳት፣ ብየዳ፣ መቁረጫ የለም። መጠጥም የለም። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይነካው። (አይወስድም።) አክታ ያለው ሳል ደግሞ አይታፈንም፤ መውጣት አለበት። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚስሉት አለች። አራት ወር ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለት ሳምንት ካለፈ ምርመራ ነው፤ ነገ ጤ/ጣቢያ ይሂዱ አለች። ጠርሙሱንም አምጣው፣ እኛ እናስወግደዋለን።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ
ትናንት ሁሉንም ስነግራቸው አባዬ ማታውኑ ሽሮፑንም ክኒኑንም ላይነካ ቃል ገባ፤ የተቆረጠ ጫማውን ማየት በቃው። ጠዋት ጤ/ጣቢያ ሄዶ አክታ ሰጠ። እማዬ ግን ጠርሙሱን አቅፋ ቁጭ። የልጄን እጅ ጽሑፍ ለማንም አልሰጥም አለች። መድኃኒቱን እንጂ ጽሑፉን ማን ጠየቀሽ ልል ነበር። ይልቅ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ።

ወረቀቱን በእንፋሎቱ ላይ ይዤ ቀስ፣ ቀስ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አንድ ጥግ ብቻ ተቀደደ፤ ጽሑፉ ደኅና ነው። እማዬ ትንፋሿን ይዛ ነበር። አባዬ ከመዳፌ አነሳውና ጮክ ብሎ አነበበው። «ቢኒ እንዳትነካ።» ሳለ። ደግሞ ሳለ። መሃል ላይ ሳል መሆኑ ቀረ። ማንም ሽሮፕ አላቀረበለትም። እማዬ አጠገቡ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት
ውጤት መጣ። ሳንባው ከቲቢ ነፃ ነው። ጢሱን ይቀንሱ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ ተብሏል። ጠርሙሱን ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ አስረከብኩ። ሮዙ በር መሠራቱ አይቀርም፤ ሴትዮዋ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል።

እማዬ ወረቀቱን አንተ አስቀምጠው አለችኝ። አስቤበት ወሰንኩ። ሽፋንህ ላይ ለጥፌዋለሁ ደብተሬ። ከእንግዲህ አንተን ለሚከፍት ሰው ማስጠንቀቂያ አለህ። ችግሩ፣ የሚከለክለው እኔን ብቻ ነው።