ግራ እጅ የበዛበት ክፍለ ጊዜ

ኅዳር 3

ከኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ብቻ ሠሩ። ሦስት ሦስት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር። በእረፍት እንደ ልማዴ ወደ ቤት ሮጥኩ። ምድጃው ጠፍቷል፣ እናቴም ደህና ናት። "ምነው እንዲህ የምትሮጪው፣ ማን ሞተ?" አለችኝ። ማንም አልሞተም። አንድ ቀን ምድጃውን አብርታ ስለረሳች ነው... እሷ ግን መርሳቷንም ረስታዋለች።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ለእኛ ለአስተማሪዎች አዲሱን የቴክኖሎጂ መስፈርት ሰጠን። "የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መረጃን በሠንጠረዥ አደራጅቶ ድምሩን በቀመር ያወጣል።" አስተማሪው ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ አስቀርጾ ይልካል። ያላሟላ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል።

ሌላ ትምህርት ቤት... ከተማው ማዶ። ምድጃውን ማን ያየዋል?

ኅዳር 5

የሒሳቡ መምህር ሳቀብኝ።

"አንቺ ደግሞ! ይሄ ያስጨንቃል? የሚያውቅ ቀኝ እጁን ያውጣ፣ የማያውቅ ግራውን። ክፍሉ በእጅ ይሞላል። አንቺ ቀኝ ቀኙን እየለቀምሽ መጥራት ነው።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹማ ከኔ ጋር ለምደውታል። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ነው።"

ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ለምን ይሄን ያህል ደስ አላቸው?

ኅዳር 10

ተቀረጸ። የሒሳቡ መምህር በስልኩ ቀረጸኝ። "ጫካ ነው እኮ! የእጅ ጫካ!" እያለ ወጣ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 12

ከመላኩ በፊት ራሳችንን አይተን እንድንገመግም መስፈርቱ ያዛል። አየሁት። ቀኝ እጆቹ ከፊት የተቀመጡት ናቸው፣ ሁልጊዜ ማውሱን የሚይዙት። ከነሱ ኋላ ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ዓይኔ እንዴት እንደሚዘላቸው! ይሄ ለአንድ ቀን ትርኢት የተለማመድኩት አይመስልም። የቆየ ነው... ጥግ ላይ ያቺ ትንሿ፣ ጓደኞቿ ድምቢጥ የሚሏት፣ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋ እስከ መጨረሻው አላወረደችውም። እኔ ደግሞ፣ "ጎበዞች! ሁላችሁም ገብቷችኋል!"

ያ ድምፅ የኔ ነው?

ኅዳር 13

ልላከው? ማንም አያውቅም። ዛሬ ምድጃው በርቶ አገኘሁት።

ኅዳር 17

ካሜራ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም። ጥያቄ ጠየቅኩ... ግራ እጆች ወጡ። ለካ ጨዋታው አብቅቷል ያላቸው የለም። ድምቢጥን ጠራኋት።

"ቲቸር፣ ግራዬን እኮ ነው ያወጣሁት።"

"አይቻለሁ። ምኑ ነው ያልገባሽ?"

"እኔ... ማውሱን ነክቼው አላውቅም።"

"ዘንድሮ?"

"ኧረ ከድሮም።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ጎረቤቱ፣ "አንተ ነክተህ ታውቃለህ እንዴ?" አለው። ሳቁ ቆመ።

ኅዳር 20

እንደገና ተቀረጸ። ግራዎቹን ጠራሁ። ቀመሩ ጋ ሳንደርስ ደወሉ ተደወለ። የስክሪኑን ቀስት በማውሱ ከጥግ ጥግ መንዳት ብቻ ነበር ሥራችን። የሒሳቡ መምህር፣ "አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ያኛውን ላኪ፣ ይሄ ጉድ ነው!" አለ። ርዕሰ መምህሩ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽንስ አስበሻል?"

እሷን ስናስብ አይደል የሰነበትነው፣ እኔና ራሴ... ያኛውን ብልክ ድምቢጥ መስፈርቱን አሟልታለች ይባላል። ከዚያ ወዲያ ማን ማውስ ያስይዛታል?

ሁለተኛውን ላክሁት።

ታኅሣሥ 28

የቪዲዮው ውጤት መጣ፦ "ከደረጃ በታች።"

ቀን ቀን ጎረቤታችን ዘንድ እንደምትውል ለእናቴ ነገርኳት። "እንደ ዕቃ አደራ ልሰጥ ነው በይኛ!" አለች። እውነቷን ይሆን?

ቆይታ፣ "ለመሆኑ ሴትዮዋ ጨዋታ ታውቃለች?" አለችኝ።

የካቲት 4

አዲሱ ትምህርት ቤት። ሁለት ታክሲ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ይሠራሉ። በእረፍት እግሬ የሚሮጥበት ጠፋው።

"በማውሱ እንጀምር" ስል አንዱ፣ "ቲቸር፣ ይሄንንማ ማን ያጣዋል!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ ከሁሉም ጮክ ብላ ሳቀች፣ ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ።

ወንበሬን ይዤ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።