መጠጥ በማቆሜ የተጠመቀ ጠላ

ውድ እህቴ እትዬ ፈንታነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ በሐዋሳ ሙቀት ተሻለው? ጋሼ ወርቁና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከዚህ ከጋሳዩ ጠበል ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አረቄ ከቀመስኩ ወራት አልፈዋል፤ እጄም እንደምታዪው ብዕር መያዝ ችሏል። ስልክ ስለማይፈቀድልን ነው በደብዳቤ የማስቸግርሽ፤ በእማዬ በጣም ተናድጃለሁ።

እማዬ ከአረቄ ከተላቀቅሁ ለሚካኤል ጠላ ጠምቃ ልትዘክር ተስላ ኖራለች። ልጇ መጠጥ ስላቆመ፣ ጠላ! ለኅዳር ሚካኤል በአህያ አስጭና ከተፍ አለች። እዚህ ያለነው ወንዶች ሁላችንም በመጠጥ ምክንያት የመጣን ነን፤ የጌሾው ሽታ ገና ከበሩ ሲደርስ ጸሎቱ ተቋረጠ። የእብናቱ ሾፌር ሙላቴ፣ «እናትህ ሊጠይቁን ነው የመጡት ወይስ ሊጨርሱን?» አለኝ።

የቤቱ ኃላፊ መምህር ካሳሁን ጠላውን ከአጥር ውጭ አስቀሩት። እማዬም አብረዋት ከመጡት ማኅበርተኞቿ ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ቄሱ ከባረኩት በኋላ አንድ ዋንጫ ቀድታ አስጠራችኝ። አልቀምስም አልኳት። «ጠላ ደግሞ መቼ መጠጥ ሆነ? አረቄ ጠጣ አላልኩህ!» አለች። አሁንም እንቢ ስል ፊቷ ተለወጠ። የተባረከ ነገር የሚሸሸው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ገና አልለቀቀውም!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ አማተቡ። እዚያ ጥላ ሥር ዋንጫ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጋኔን ያለበትም እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ከዚህ የሚወጣው ቤተሰቡ መጥቶ የተረከበው ሰው ነው። በበዓሉ ማግስት ልትወስደኝ የነበረችው እናታችን፣ «ሳይወጣለት አልረከብም» ብላ አህያዋን ነድታ ሄደች። መምህር ካሳሁን እንዲያግባቡልኝ ብለምናቸው፣ «በሰይጣን ጉዳይ ከእናት ጋር አልከራከርም» አሉኝ።

እትዬ፣ የምትሰማው አንቺን ነውና ደውዪላት። ሰይጣን የለበትም ብለሽ አትሟገቻት፤ አትረቺም። ይህን ብቻ ንገሪልኝ፦ ዋንጫውን ስትዘረጋልኝ ምራቄ ሞላ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ የቆምኩት ስለቷን ንቄ አይደለም፤ አንዴ ከዘረጋሁት እንደማልመልሰው ስለማውቅ ነው። ዝክሩን በዳቦ ታድርገው፤ የጠላውን ጋንም ከቤት ታውጣልኝ። ይህ የማይሆንላት ከሆነ ግን ባትረከበኝ ይሻላል፤ እዚሁ ልቆይ።

ጋሼ ወርቁን አክባሪህ ነው በይልኝ። ትዝታንና ትንሹን ይሻው ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሙላቴም ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ ዓለምነው
ጋሳይ፣ ኅዳር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.