የብርቱካን ቆሎ

ኅዳር 14

ብርቱካን የእርግዝና ስኳር አለባት።

ኢዲዶ ቡና ጣቢያ ላይ ከማሠራቸው፣ ከሚደርቀው ቡና መጥፎውን ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ናት። ኢንሱሊን ስለምትወስድ ምግብ ከዘገየባት ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት እንደምትችል የጤና ጣቢያዋ ነርስ አስጠንቅቃታለች። ቡና ሽታ ስለሚስብ ግን ቡናው ተሰጥቶ የሚደርቅበት የሽቦ አልጋ ዘንድ ምግብ አይገባም። ጠዋት ቆሎዋን ተቀብዬ በር ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ እኔው ልበላው ነው እንጂ ቡናውን አላበላውም» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ የጆንያ መጠየቂያ ወረቀት ለማስፈረም ይርጋጨፌ ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።

«ከታመመች ቤቷ ትረፍ። ለቃሚ ሞልቷል።»

«ቤቷ ውላ ምን ትበላለች?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው?»

ሰዓቱን ሳይ ስድስት አልፏል። እኔ ሳልፈቅድ ማንም ከአልጋው እንደማይነሳ ያኔ ትዝ አለኝ። ደወልኩላት፤ አታነሳም። ሰውየው ማህተሙን ሲፈልግ ወረቀቱን ትቼለት ወደ ኢዲዶ ለመመለስ ወጣሁ።