ለእንግዳ ክብር የተመረገው ግድግዳ

ለተከበሩ የመንገድ ጥገና ፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየቀኑ መንገድ እየዳመጠ በደጃችን የሚያልፈው ሮለርዎም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎና የመኖሪያ ቤትዎ ግድግዳ እንዲጸኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሙሉሃብት የተባልሁ የእጅ ሥራ ሻጭ ስሆን፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች፣ ከመንገዱ ሰባት እርምጃ ርቆ በሚገኝ ክብ የድንጋይ ቤት ከአባቴ ከመሪጌታ ገብረ ሚካኤል ጋር እኖራለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ስለ ፈራሁ ነው።

፩ኛ. አስቀድሜ ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። የገና እንግዶች በተሸኙ ሳምንት ሮለሩ እየነዘረ ማለፍ ሲጀምር፣ አያቴ በጭቃና በድንጋይ ያቆሙት ግድግዳ ከበሩ መቃን እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ክር የማያስገባ ነበር፣ ቀጥሎ ጣቴን አስገባ፣ ዛሬ እጄ እስከ አንጓው ይገባል። ደግነቱ በስንጥቁ በኩል አሻግሬ፣ ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ የምትጠይቁበትን ሰሌዳ ቤቴ ተቀምጬ ማንበብ ችያለሁ።

፪ኛ. አቤቱታዬን ሰምታችሁ አጣሪ ኮሚቴ በመላካችሁም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በአደባባይ አምናለሁ። በአገራችን የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይመረጋል፤ እናቴም ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል በተባልሁ ጊዜ ከጎረቤቴ ከእድላዊት ጋር ጭቃውን በጭድና በእበት አቡክተን፣ ለእንግዶቹ ክብር ስንል ግድግዳውን ሁለት ቀን ሙሉ መረግነው። ከኮሚቴው ጋር የመጡት ኢንጂነርዎም ገብተው፣ ስለ አቀባበሉ አመስግነው፣ «ግድግዳው አዲስ የተመረገና በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስንጥቅ አልታየም» ብለው ጻፉ። ስንጥቁ ከሥር መሆኑን ነግሬ በጥፍሬ ልልጠው ስል፣ ኮሚቴው የሚመዘግበው በዓይን የሚታየውን ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ። በአራተኛው ቀን ጭቃው ደርቆ በዚያው መሥመር ተተረተረ፤ ቃለ ጉባኤው ግን እስከ ዛሬ አንድም ስንጥቅ የለበትም።

፫ኛ. ይህኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አባቴ ዓይናቸው አያይም፣ ወገባቸው ከተሰበረም ሁለት ዓመት ሆናቸው። የሚተኙበት መደብ ከዚያው ከተሰነጠቀው ግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ወደ እድላዊት ቤት ላዛውራቸው ለምኜ ነበር፤ «ይችን ቤት አባቴ ናቸው ያቆሟት፤ እኔን አውጥተሽ ለማን ትተያታለሽ?» አሉኝ። ሮለሩ ከመታጠፊያው ሲመጣ በሰማሁ ቁጥር ሱቄን እንደተከፈተ ትቼ እሮጣለሁ፤ ገብቼም ሁለት እጄን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። የእኔ እጅ ድንጋይ እንደማይዝ አውቃለሁ፤ ሌላ የማደርገው ግን አጣሁ። ባለፈው ማክሰኞ አባቴ ከድንጋዮቹ መካከል አፈር ሲንሿሿ ሰምተው ዝናብ ጣለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኋቸው። አባቴም በየካቲት ዝናብ ላወረደ አምላክ ምስጋና ሲያቀርቡ አብሬያቸው አሜን አልሁ።

በማስታወቂያችሁ እንዳነበብሁት ከሰኞ ጀምሮ ከባዱ ሮለር ሁለተኛውን ንጣፍ ይዳምጣል። ክቡር ሆይ፣ እኔ መንገዱ ይቅር አላልሁም። ሮለሩ በቤታችን አጠገብ ሃምሳ እርምጃ ያህል ንዝረቱን አጥፍቶ እንዲያልፍ፣ ካልሆነም አንድ ግንበኛ መጥቶ ግድግዳውን በእንጨት እንዲደግፍልኝ ብቻ እለምንዎታለሁ። ፍርሃት በዓይን የማይታይ በመሆኑ በመዝገብ ላይ ሊሰፍር እንደማይችል ጠንቅቄ እያወቅሁ፣ ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ወይም እንደተለመደው ለተከበረው ዝምታዎ፣ ከወዲሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
ሙሉሃብት ገብረ ሚካኤል
የካቲት ወር፣ ላሊበላ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፦ ሠራተኞችዎ ምሳቸውን የሚበሉት በግድግዳችን ጥላ ሥር ነበር። አሁን ሁለት ሳምንት ሆናቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ምክንያቱን የሮለሩን ነጂ ሸዕባንን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ሮለሩ ላይ ወጣ። እርስዎ ግን ቃለ ጉባኤው በእጅዎ ነውና የሚያስፈራዎ ነገር አይኖርም። ሰኞ ጠዋት ይዘውት ይምጡ፤ አባቴ ማየት ስለማይችሉ ከአጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ሮለሩ እስኪያልፍ ድረስ ያነቡላቸዋል። በዚህ ጊዜ ግን ለክብርዎ ግድግዳውን ስላልመረግሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።