ስለ ፈረንሳይኛው ሳል፦ ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 1996 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የዘንድሮው የደጋ ክረምት ጉንፋን የቢሮዎን ደጃፍ ሳይረግጥ እንዲያልፍ፣ ጉሮሮዎም እንደ ትእዛዝዎ ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። ጉሮሮን ያነሳሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱልኛል። እኔ የይጁቤው ልጅ ደምለው በመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ዘንድሮ ሳይመረቁ እንዲቀሩ ከወሰኑባቸውም አንዱ ስሆን፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመንግሥት አስተዳደር የሚያጠና ሁሉ ፈረንሳይኛ ሳያልፍ አይመረቅም ብለው ስለወሰኑልን እጅግ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለወረዳ ሥራ የሚያስፈልገኝ የመሬት ሕግ፣ በጀትና ትዕግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ድንበር የተገፋበት ገበሬ በገበያ ቀን ቢሮዬ መጥቶ በፈረንሳይኛ አቤት ቢል እንዳላፍር አስቀድመው አሰቡልኝ። ከዓባይ ማዶ ካሉት ጎረቤቶቻችን ጋር የምንነጋገርበት ኦሮምኛ ይሰጠን ብለን ጠይቀን ነበር፤ እሱ የውጭ ቋንቋ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረድተውናል። መጥቀም እንደ ጉድለት ሊቆጠር እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

2ኛ. መምህር ስለመደቡልንም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መምህር ንጉሴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ፊደሉን እንዳስቆጠሩን ለሥልጠና ተጠርተው አዲስ አበባ ሄዱ። እንዳንቸገር ብለው ግን ትምህርቱን በገዛ ድምፃቸው በካሴት ቀድተው ተዉልን። ጽሕፈት ቤትዎም ምትክ መምህር በመላክ ፋንታ አንድ ቴፕ ስለፈቀደልን ውለታውን አንረሳም።

3ኛ. አጠናኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቴ በፊት መርጡለ ማርያም አካባቢ በየኔታ ወልደ ሩፋኤል ጉባኤ ዜማ ተምሬአለሁ። እዚያ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የወጣውን እንዳለ ይቀበላል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ትርጉሙ ቆይቶ ይመጣል። እኔም ጓደኞቼን ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ሰብስቤ፣ ቴፑን በመምህር ቦታ መሐል አስቀምጬ፣ እየተቀባበልን በቃላችን ያዝነው። መምህር ንጉሴ ሲቀዱ ግን ጉንፋን ይዟቸው ኖሮ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ሁለቴ ይስላሉ። ፈረንሳይኛ ደግሞ ብዙው ከጉሮሮ የሚወጣ ቋንቋ ሆነብን፤ የቱ ቋንቋ፣ የቱ ጉንፋን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም ተማርነው።

4ኛ. ከአዲስ አበባ ላስመጡልን ፈታኝ ጨዋነት ምስክር ነኝ። የመጀመሪያው ተማሪ ሰላምታ ሰጥቶ ሁለቴ ሲስል ውሃ አስመጡለት። የሚቀጥለው እዚያው ቦታ ላይ ሲስል መስኮት አስከፈቱ። የሉማሜዋ ማንጠግቦሽ፣ ከሁላችን የሚበልጥ ጆሮ ያላት፣ ሳሉን ከነማሳረጊያው ስታወጣው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበው ጤና ጣቢያ እንድትታይ መከሯት። እኔ ስገባ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ሳሉ መልስ የምንሰጣጥበት ምልክት ነው ብለው ለእርስዎ ሪፖርት አደረጉ፤ እርስዎም አንድም ሰው ጠርተው ሳይጠይቁ ክፍሉን በሙሉ አጭበርባሪ ብለው ጣሉት። የአስተዳደር ተማሪዎች ነንና፣ ከአራት ዓመት ንባብ ይልቅ በዚህ አንድ ውሳኔ ስለ አስተዳደር ብዙ ተምረናል።

5ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። የወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኛል፤ የምረቃ ማስረጃዬን እስከ ጳጉሜን ካላቀረብኩ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ፍርሃቴ ይበልጣል። እናቴ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ልጄ ሊሾም ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ ምን ብዬ ፊቷ እንደምቆም አላውቅም። ፈረንሳይኛን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። የምለምነው፣ ሕያው መምህር ተመድቦልን በዚሁ ክረምት ዳግም እንድንፈተን ብቻ ነው።

ለኮሌጁ መልካም ስም የሚቆረቆር፣ ለወንበርዎ ዕድሜ የሚጸልይ፣ ለመመረቅ የእርስዎ በጎ ፈቃድ ብቻ የቀረው፣

ታዛዥዎ ደምለው አስማማው

ማስታወሻ፦ ለትምህርቱ ክብር ስል ይህን ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ላስጽፈው አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን ከጳጉሜን በፊት መልስ የምትፈልግ ከሆነ ዲናችን በሚችሉት ቋንቋ ጻፍላቸው ብለው መከሩኝ።