የእንግዳ ጃኬት

የሜሮን አባት፣

እንዴት ነህ አልልህም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ፣ የተከልከው አቮካዶም አፈራ። እኔ ግን ዛሬም እንደተናደድኩብህ ነኝ።

ሰው እንዴት ነፍሱን ለእንግዳ ያስቀምጣል? ለምርመራ የሚሆን ውሃ ልትቀዳ ሐይቁ መሀል ስትገባ እንድትለብሰው፣ መሥሪያ ቤትህ ያንን ብርቱካናማ መንሳፈፊያ ጃኬት ሰጠህ። አንተ ከነላስቲኩ የሳሎኑ በር ጀርባ ሰቀልከው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ሲመጣ እሱን አልብሰህ፣ አንተ በሸሚዝህ ጀልባ ላይ ትወጣለህ። ስትመለስ ጠራርገህ ላስቲኩ ውስጥ ትከተዋለህ። ኧረ ልበሰው ስልህ መልስህ አንድ ነበር፦ "እሱ የእንግዳ ነው።" ስለ ብፌው ብርጭቆም እንዲሁ ነበር የምትለው፤ በብርጭቆ ግን ሰው አይሞትም።

የዚያን ቀን እንግዳ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳና ጀልባዋ ተገለበጠች። ቀዛፊው ዋኝቶ ወጣ፤ አንተ ዋና አትችልም። ጃኬቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ኮታቸውን እላዩ ላይ ሲደርቡበት አየሁ። እንግዶችህ መጡልህ።

አሁን ደግሞ ልጅህ። ባንተ ቦታ ተቀጠረች፤ ያው ሐይቅ፣ ያው ውሃ መቅዳት። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ልትወርድ ስትል ጃኬቱን እዚያው በር ጀርባ ትታው ወጣች። ጠርቼ ብጠይቃት፣ ሐሙስ እንግዶች ስላሉ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው አለችኝ። አባቷን ቁርጥ።

አልመከርኳትም፤ ምክር ባንተ አይቼዋለሁ። ላስቲኩን በቢላ ቀደድኩት። ለምሳዋ ከሠራሁት ሽሮ አንድ ጭልፋ ጨለፍኩና ጃኬቱ ደረት ላይ ደፋሁበት። ካሁን በኋላ ለእንግዳ አይሆንም፣ ልበሽው አልኳት። ደንግጣ አየችኝ፣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ለብሳው ሄደች። ማታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሜ ተቀበልኳት።

ብርጭቆዎቹንም ከብፌው አውጥቻቸዋለሁ። በየቀኑ እንጠጣባቸዋለን፤ አንዱ ተሰብሯል።

እንዳልረሳሁህ አትጠራጠር። ጠዋት ጠዋት የጃኬቱን ማሰሪያ ደረቷ ላይ የማጠብቀው እኔ ነኝ፤ እያጠበቅኩ ስምህን እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን በቁጣ፣ አንዳንድ ቀን በናፍቆት። የሽሮው እድፍ እስካሁን አለቀቀም።

ልጅህ ለብሳለች። አንተም ዕረፍ።